ፀሐይን የከሰሰ ቀያሽ

ጥፋቱን ከማመኑ በፊት ምክንያቱን የሚደረድር ሰው፣ ምክንያቱ እውነት ቢሆን እንኳ ሊታመን አይገባውም። ምክንያት በቀደመ ጊዜ አጥፊው ከጥፋቱ ገለል ብሎ ከተመልካቾች ጋር ይቆማል፤ ያደረሰውንም ጉዳት እንደ ጎረቤት በሐዘኔታ ያየዋል። ሁሉም ተመልካች ከሆነ ደግሞ የሚጠግን አይገኝም። በዚህ ፍርድ ሰውን ስመዝን ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፤ ከአንድ ቀያሽ በቀር ፍርዴን ያናወጠብኝ አልነበረም።

ቀያሹ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ቀጠን ያለ፣ ሲራመድም ሲናገርም የማይቸኩል ሰው ነው። ከሜዳ ሲመለስ ጫማውን ከመጥረጉ በፊት የመሣሪያውን እግሮች ይጠርጋል። በቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ነገር ሁሉ በውሃ ልክ ተለክቶ የተሰቀለ ነው፤ እንግዳ በትከሻው ገፍቶ ያንጋደደውን ፎቶግራፍ ለማቅናት እንግዳው እስኪወጣ መታገሥ ይሳነዋል። «ባሌ ሲያዛጋ እንኳ አፉን ለክቶ ነው የሚከፍተው» ትላለች ሚስቱ። በመሥሪያ ቤቱም በሰፈሩም «ፀጉር ሰንጣቂው» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሊያላግጡበት ነበር። የአጥር ጠብ በተነሳ ቁጥር ግን ተፈልጎ የሚመጣው እሱ ነው፤ ለማንም የጣት ስፋት ሲያዳላ ያየው የለምና።

ይህን አመኔታ ያገኘው በተሰጥዖ ሳይሆን በልማድ ነው። የሚሠራበት መሣሪያ ከሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ቦታን የሚለይ፣ በዘንግ ጫፍ ላይ የሚሰካ የጂፒኤስ መቀበያ ነው። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት መቀበያውን ትክክለኛ ቦታው አስቀድሞ በሚታወቅ አንድ ድንጋይ ላይ ያቆመዋል። ንባቡ ከታወቀው ጋር ከተስማማ ሥራው ይከፈታል። ሲጨርስም ወደዚያው ድንጋይ ተመልሶ ያንኑ ይደግማል፤ እንደገና ከተስማማ ቀኑ ተዘጋ ማለት ነው፤ ካልተስማማ የዕለቱ ልፋት ሁሉ ይጣላል። ጠዋት መክፈቱን ባልደረቦቹ ሁሉ ያደርጉታል። መዝጋቱን ግን የደከማቸው ቀን ይዘሉታል። እሱ ዝናብ እየደበደበው ይዘጋ ነበር።

የዚህ ታሪክ ጉዳይ የአንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅና የታናሽ ወንድሟ የአናጢው ግቢ ነው። ግቢውን ከወላጆቻቸው ወርሰው፣ በግራ በኩል እሷ ቤቷን፣ በቀኝ በኩል እሱ ቤቱንና የእንጨት ሥራ ዎርክሾፑን ይዘው ይኖሩበታል። በመሃል አጥር አልነበረም። አጥር ባይኖርም ለዓመታት ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር። ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገሩት»፣ «ለዚያች ሴትዮ ንገሯት» እያሉ በሦስተኛ ሰው አፍ ይነጋገራሉ። አዋላጇ ከሩቅ አገር ለምትመለስ ልጇ አንድ ክፍል ልትሠራ ስትነሳ፣ ድንበሩ የት ነው የሚለው ጥያቄ ግድ ሆነ። ጎረቤት በየተራ ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ መልሶ ለምኖ፣ ሁለቱን ያስማማቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ፀጉር ሰንጣቂው ያለው ይሁን።» ስለዚህ የእህትና የወንድም ሰላም የተንጠለጠለው ቀያሹ በመታመኑ ላይ ነበር። ይህን እሱም ያውቅ ነበር፤ ዕቃውን ከመኪና ሲያወርድ እጁን ታጥቦ ነበር ብለው እስከ ዛሬ የሚያወሩ አሉ።

ጠዋት በሰፈሩ ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ባለው ድንጋይ ላይ ሥራውን ከፈተ፤ ንባቡ ልክ ነበር። ግቢው ሲደርስ ግን ወንድምና እህት ከየት በኩል ይጀመር በሚለው ተከራከሩ፤ ክርክሩ ሲበርድ ቀትር ሆነ። ከዚያ በኋላ ልኬቱ ተጀመረ። መቀበያው እንደ ወትሮው ቶሎ አልረጋም፤ ደጋግሞ አመነታ፣ ቁጥሮቹ ወዲያና ወዲህ ዋለሉ፣ በመጨረሻ አረንጓዴዋ መብራት በራች። አረንጓዴ ማለት «ቦታዬን አውቄዋለሁ» ማለት ነው። ቀያሹ ሁለት ችካሎች መታ፤ በመካከላቸውም ገመድ ወጠረ። ሁለቱም ችካሎች ወደ አንድ አቅጣጫ እኩል ተገፍተው ስለነበር መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር፤ በዓይን የሚታይ እንከን አልነበረውም።

መስመሩ በዎርክሾፑ ውስጥ አለፈ። መጋዞቹ የተሰቀሉበት ግድግዳና የመሥሪያ ጠረጴዛው ግማሽ በእህቲቱ በኩል ቀሩ።

አናጢው ገመዱን ብዙ አየው። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ኪሱ ከተተ። «ይሁን» አለ፤ «ቃል ቃል ነው።»

አዋላጇ ያንን ያህል አልጠበቀችም ነበር። ያላሰበውን ያገኘ ሰው እንደሚሆነው አፈረች፤ ካፈረች በኋላም በዓመታት ውስጥ ያላደረገችውን አደረገች። ወንድሟን በስሙ ጠርታ፣ «ምሳ ቀርቧል፣ ና ግባ» አለችው። እሱም ገባ። ቀያሹን፣ «አንተም ና» አለችው።

ቀያሹ ወደ ትምህርት ቤቱ አቅጣጫ አየ። «አንዴ ድንጋዩን ደርሼበት ልምጣ፣ እትዬ።»

«ምን ያስቸኩልሃል? ድንጋዩ እግር የለው፣ የት ይሄድብሃል!»

አናጢው ሳቀ። እህቱም ሳቀች። አብረው ከሳቁ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ቀያሹ ይህን ሳቅ ትቶ መውጣት ነውር መሰለውና ተቀመጠ። ከምሳ በኋላ ዕቃው ታስሯል፣ ሆዱ ሞልቷል፣ ልቡም ደስ ብሎታል፤ በድንጋዩ አጠገብ ሲያልፍ ከመኪናው አልወረደም። ይሉኝታ በማዕድ ዙሪያ ሲያዩት ደግ ጠባይ ነው። የሌላውን ሰው ግድግዳ የሚያፈርስ ሥራ በእጁ ላለ ባለሙያ ግን ይሉኝታ የስንፍና የክት ልብስ ነው፤ ቀያሹም በዚያን ቀን ያንን ልብስ ለበሰ።

ሚስቱ የረጅም መንገድ ጭነት መኪኖችን በሬዲዮ የምታገናኝ ሠራተኛ ናት። ሾፌሮቹ ስልክ በማይሠራበት በረሃ ሲያልፉ ድምፃቸው የሚሰማው በእሷ ጆሮ ነው። በዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ገባች።

«ከቀትር ጀምሮ ሬዲዮው ጭጭ አለ» አለች ቦርሳዋን ወንበር ላይ እየጣለች። «ብጠራ፣ ብጠራ፣ መልስ የለም። ሹሻታ ብቻ! አንዱ ሾፌር መስመሩ ሲመጣለት፣ ‘እመቤቴ፣ ተጣላን እንዴ?’ አለኝ።»

«መሣሪያው ተበላሽቶ ነዋ።»

«እኔም እንደሱ ብዬ ቴክኒሻኑን ስጮህበት ነበር። እሱ ደግሞ እየሳቀ፣ ‘በእኔ ምን ያስጮኸሻል፣ በፀሐይ ጩሂ’ አለኝ። ማዕበል ተነስቶ ነው አሉ። የምድር ማግኔት ተናውጦ። ሰማዩ ራሱ ታሟል፣ ሬዲዮው ምን ያድርግ! አንተስ? መሣሪያህ አላስቸገረህም?»

«አላስቸገረኝም» አለ ቀያሹ። «አረንጓዴ ነበር።»

ይህን ብሎ ሲያበቃ እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፀሐይ አንዳንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ያዘለ የጋለ ጋዝ ደመና ከላይዋ ትወረውራለች። ደመናው በቀናት ውስጥ ምድር ሲደርስ፣ ምድርን ዙሪያዋን ከብቦ የሚጠብቃትን መግነጢሳዊ መስክ ይንጠዋል። መስኩ ሲናወጥ፣ ከአየሩ በላይ ያለው፣ የሬዲዮ ሞገድ ተንጸባርቆ የሚመለስበት፣ የሳተላይት ምልክትም ሰንጥቆ የሚያልፍበት ስስ ሽፋን ይታመሳል። ለዋልታዎች በሚቀርቡ አገሮች ሰማዩ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ይለብሳል፤ ሰዎችም ከቤታቸው ወጥተው ይደነቃሉ። በረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮች ውስጥ ማንም ያልጠራው ኃይል ይገባል፤ ትራንስፎርመሮች ከልካቸው በላይ ያጓራሉ፣ ይግላሉ፤ ማዕበሉ ከበረታ ከተማ ሊጨልም ይችላል። የሳተላይት ምልክት ደግሞ በታመሰው ሽፋን ውስጥ ሲያልፍ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይዘገያል፤ ያቺ መዘግየት መሬት ላይ ስትደርስ ክንድ ትሆናለች። በሌላው ሥፍራ ያለ ሰው ግን ምንም አያይም። ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ወጥታ ትገባለች፤ ልብስ ይደርቃል፣ ጥላ ይዞራል። ከሁሉ የከፋው፣ ሬዲዮ ሲታወክ ዝም ይላል፤ መቀበያው ግን አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶም አረንጓዴ ይበራል።

በማግስቱ ማለዳ ቀያሹ መጀመሪያ የሄደው ወደ ድንጋዩ ነው። ማዕበሉ አልፎ ነበር፤ ንባቡ ልክ መጣ። ከዚያ ወደ ግቢው ዘልቆ፣ በሩ ዳር የመታውን የመጀመሪያ ችካል ለካ። ችካሉ ከቦታው አንድ ክንድ ተኩል ርቆ ቆሟል። ከወዲያ በኩል ምስማር ሲነቀል የሚሰማውን ድምፅ ሰማ። አናጢው ቃሉን እየፈጸመ ነበር፤ መጋዞቹን አውርዷል፣ የግድግዳውን ሳንቃዎች አንድ በአንድ እየነቀለ ይደረድራል።

«ደህና አደሩ፣ ጋሼ?»

አናጢው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ዘወር አለ። «እግዜር ይመስገን፣ ኢንጂነር። ልታግዘኝ ነው ወይስ የቀረችብኝ ሌላ ክንድ አለች?»

«ይውረዱ እስቲ፤ የምነግርዎት ነገር አለ። ትናንት ፀሐይ ላይ ማዕበል ተነስቶ ነበር።»

«ምን ላይ?»

«ፀሐይ ላይ።»

«ፀሐይ ላይ ማዕበል!» አናጢው መዶሻውን መሰላሉ ላይ አስቀመጠ። «ውሃ የለ፣ ጀልባ የለ፣ ማዕበል! እሺ፣ ከዚያስ?»

ቀያሹ ቀጠለ። ስለ መግነጢሳዊው መስክ፣ ስለ ሽፋኑ፣ ስለ ምልክቱ መዘግየት አስረዳ። የሚናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ በተናገረ ቁጥር ግን ነገሩ ውሃ የማይቋጥር ይመስል ጀመር። አዋላጇ ድምፃቸውን ሰምታ እጇን በፎጣ እያደረቀች ወጣች።

«ምንድነው እሱ?»

«ነይ፣ እትዬ» አለ አናጢው፤ «ፀሐይ ድንበራችንን ገፍታዋለች አሉ።»

«ወዴት?»

«ወደ እርስዎ ነው የገፋሁት ለማለት ነው» አለ ቀያሹ። «ትክክለኛው መስመር ከዎርክሾፑ ግድግዳ ውጪ ነው።»

ሴትዮዋ ፎጣውን አጠፈችው። ቀያሹን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ማታ ቤትህ ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም፣ እትዬ።»

«ማንም ሳይመጣ ነው መሬቴ ሌሊቱን የጠበበው?»

የአናጢው ፊት ተለወጠ። «እኔን ነው?»

«ስም አልጠራሁም።»

«አፍሽ አልጠራም፤ ዓይንሽ ጠራኝ። እኔ እዚህ የገዛ ግድግዳዬን አፈርሳለሁ፣ አንቺ…»

ትናንት በአንድ ማዕድ የተቀመጡት ሰዎች፣ ዛሬ ወደ ሦስተኛ ሰው አፍ ሊመለሱ አንድ ቃል ቀርቷቸው ነበር። ቀያሹ ይህን አየ፤ ያየውን ለማዳን ግን የያዘው ያችኑ ፀሐይን ነበር። እንደገና ስለ ሳተላይቶች ሊጀምር ሲል አናጢው እጁን አንስቶ አቆመው።

«ስማኝ፣ ኢንጂነር። እኔ በር እሠራለሁ። በሩ አንዳንዴ ይጣመማል። እርጥበት ነው የሚያጣምመው፤ እውነቴን ነው፣ እርጥበት ነው። ደንበኛው ግን በሩን ተሸክሞ ይመጣና፣ ‘በሩን ያዘዝኩት ከአንተ ነው፣ ከእርጥበት አይደለም’ ይለኛል። ምን ልበለው?»

ቀያሹ ወደ ተነቀሉት ሳንቃዎች አየ። ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ልትመለስ አንድ እግሯን አንስታ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ሥራዬን ስጨርስ ወደ ድንጋዩ ተመልሼ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ሁልጊዜ አደርገዋለሁ። ትናንት አላደረግኩም።»

«ለምን?»

«ምሳ ላይ ተቀመጥኩ።»

«እንግዲያው ጥፋተኛዋ ምሳዬ ናት!»

«ምሳዎ አይደለም፣ እትዬ። የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ሰው ለሰበብ መልስ አያጣም፤ ያለ ሰበብ ለተነገረ ጥፋት ግን መልስ መስጠት ይቸግራል። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣለችና አንድ ነገር ጠየቀች፤ «ከሰማይ ጋር የማይነጋገር መለኪያ የለህም?»

ነበረው። ከመኪናው ውስጥ ረጅሙን የብረት ሜትር አወጣ። በግቢው ፕላን ላይ ከድንጋዩ እስከ ድንበሩ ያለው ርቀት ተመልክቷል። ከትምህርት ቤቱ ጥግ ተነስተው በመንገዱ ዳር፣ ከዚያም በግቢው በር ገብተው ለኩ። አዋላጇ የሜትሩን አንድ ጫፍ ለማንም አልሰጥም አለች፤ ሌላውን ጫፍ አናጢው ያዘ። መንገደኛ ሰላም ሲላቸው ሁለቱም አልመለሱም፤ «ላላ!»፣ «ያዝ እንጂ!»፣ «ቀጥ አድርጊዋ!» ከመባባል በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ረፋዱ በዚህ አለቀ። ሜትሩ ያረፈበት ቦታ ቀያሹ በማለዳ ካገኘው በጣት ስፋት ብቻ የሚለይ ነበር።

አዋላጇ የትናንቱን ችካል በገዛ እጇ ነቅላ ከሳንቃዎቹ ክምር ላይ ወረወረችው። ከዚያም ክፍሉ የሚሠራበትን ቦታ በእርምጃ ሄደችበት፣ ተመልሳም ሄደችበት።

«አልጋው ይገባል» አለች ለራሷ፤ «ቁም ሳጥኑ ግን አይገባም።»

አናጢው ሳንቃ እያነሳ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ቁም ሳጥኑን በልኩ እሠራዋለሁ» አለ።

«እርጥበት ቢያጣምመውስ?»

«ያኔ ከፀሐይ ጋር ትካሰሺያለሽ።»

ይህን እርቅ ብሎ መጥራት ማጋነን ነው። በሦስተኛ ሰው አፍ መነጋገሩ ግን ቀረ፤ እሱም ቀላል አይደለም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ፍርዴ ሳይነካ በቀረ ነበር። ምክንያት ሲቀድም ጠብ ሊወልድ ደረሰ፤ ጥፋት ሲታመን ጠቡ ከሸፈ። ቀያሹም ትምህርቱን የተማረ መሰለው፤ ከሚገባው በላይ ተማረ እንጂ። ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ነበርና «ፀጉር ሰንጣቂው» የሚለው ስም «የፀሐይ ከሳሹ» በሚል ተተካ። ባለሱቁ ኮምጣጣ ወተት ሲመለስበት፣ «እኔ ምን ላድርግ፣ ማዕበል ነው» ይላል። ያረፈደ ሁሉ ፀሐይን ይጠቅሳል። ቀያሹ ጥርሱን ነክሶ አለፈው፤ ስለዚያ ቀን ሰማይ ለማንም፣ በተለይ በመሥሪያ ቤቱ፣ ትንፍሽ ላለማለት ወሰነ። ይህን ውሳኔውን ትሕትና ብሎ ጠራው።

በመሥሪያ ቤቱ ከእሱ በዕድሜ የምታንስ አንዲት ቀያሽ አለች። በዚያው በማዕበሉ ቀን ከቀትር በኋላ፣ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ለአንድ ክሊኒክ የጎርፍ ማውረጃ ቦይ መስመር ስታወጣ ነበር። ቆፋሪዎቹ ችካሎቿን ተከትለው ሲቆፍሩ ከክሊኒኩ ግድግዳ መሠረት ጋር ተገናኙ። የክፍሉ ኃላፊ በስብሰባ ፊት ገሠጻት፤ ከሜዳ ሥራም አንስቶ ቢሮ አስቀመጣት። ከቀናት በኋላ ቀያሹ ደረጃው ላይ አገኛት።

«ስሌቱን ደጋግሜ አየሁት» አለችው፤ «ስህተቱን አላገኘሁትም። ያላገኙትን ስህተት እንዴት አድርገው ያርሙታል፣ ጋሼ?»

ቀኑን ጠየቃት፤ ነገረችው። ያ ቀን ነበር።

ቀያሹ አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ከበላያቸው የሚወርድ አንድ ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ ፀሐይዋ ዛሬ እንዴት አደረች?» ብሎ እየሳቀ አለፈ። ቀያሹም ሊል ያሰበውን ዋጠው።

«አይዞሽ» አላት፤ «ያጋጥማል።»

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ሹራብ እያጠፈች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«እና ስለ ማዕበሉ አልነገርካትም?»

«ምን ብዬ? አንዴ ተናግሬ መሳቂያ ሆንኩ እኮ። ሰበብ አልደረድርም ብያለሁ።»

«የማን ሰበብ?»

«የማንም።»

«ለራስህ ብለህ ስትናገረው ሳቁብህ፤ አበጁ። ለእሷ ስትናገረው ግን ሰበብ አይባልም፣ ምስክርነት ነው የሚባለው። ልጅቷ እኮ ራሷን ጠርጥራ ቁጭ ብላለች! አንተ ስምህ እንዳይነሳ ብለህ…» ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሲስቁብህ ቆዳህ ተላጠ እንዴ?»

ቀያሹ ተቀየማት። የተቀየመውም ልክ ስለነበረች ነው። ለክፍሉ ኃላፊ የተናገረው ግን በማግስቱ አልነበረም። ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ ኃላፊው በር ደርሶ ተመልሷል፤ አንድ ጊዜ በሩን ቆርቁሮ ስለ ነዳጅ ጠይቆ ወጥቷል። ሳምንት ሊሞላ ሲል ገባ። በዚህ ጊዜ የነገሩን ቅደም ተከተል አልሳተም።

«በዚያ ቀን የእኔም መስመር አንድ ክንድ ተኩል ስቶ ነበር» አለ። «ቀኑን አልዘጋሁም። በማግስቱ አስተካክዬዋለሁ፤ ለእርስዎ ግን አላሳወቅኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንተ? ፀጉር ሰንጣቂው?»

«እኔ። አሁን ደግሞ ምክንያቱን ልንገርዎት፤ የሚነካው እኔን ብቻ ስላልሆነ ነው።»

ኃላፊው ቀልዱን ሰምቶ ነበርና ከንፈሩ ፈገግታን ጀመረ። ቀያሹ ፈገግታው እስኪያበቃ ጠበቀ፤ ከዚያም ተናገረ። በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ የተመቱ ችካሎች ሁሉ እንደገና ተለኩ። አብዛኞቹ ደህና ነበሩ፤ ማዕበል ሁሉን እኩል አይነካም። ጥቂቶቹ ግን ስተው ተገኙ፤ አንዱ መሠረቱ ገና ያልተቆፈረ የአንድ ቤተሰብ ቤት ነበር፤ ለእሱ ተደረሰለት። የመሥሪያ ቤቱ ቀያሾችም ማዕበል በሚነገርበት ቀን ልኬት እንዲያቆሙ፣ ቀንን ሳይዘጉ መመለስም እንዲቀር ተወሰነ።

ባልደረባው ወደ ሜዳ ተመለሰች። እሷም በዚያ ቀን ጠዋት ወደ ከፈተችበት ድንጋይ አለመመለሷ እውነት ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ለሌላ ሥራ ተፈልጎ አስቸኩሏት ነበር፤ እሺ ማለት ግን አልነበረባትም። የእሷ ድርሻ ያ ነበር። ከዚያ በላይ የተሸከመችው ሁሉ የቀያሹ ዝምታ ነው። አላመሰገነችውም፤ ማመስገንም አልነበረባትም። ዕቃዋን መኪና ላይ ስትጭን አጠገቧ ሲያልፍ አንድ ነገር ብቻ አለችው።

«ዓይኔ ነው ብዬ መነጽር ላሠራ ሄጄ ነበር።»

ቀያሹ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ፍርዴን አልሻርኩትም። ምክንያቱን የሚያስቀድም ሰው ዛሬም አይታመንም። ይህን ፍርድ ስጽፍ ያላየሁት ግን ምክንያት የአጥፊው ብቻ ንብረት አለመሆኑን ነው። በአንድ ማዕበል ሥር የቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ምክንያቱን አውቆ ሲደብቅ፣ የቀሩት ያልሠሩትን ጥፋት በገዛ ራሳቸው ውስጥ ይፈልጋሉ። ሰበብን መናቅም ራስን ማዳኛ ሊሆን ይችላል፤ ቀያሹ በዝምታው ያዳነው ስሙን ነበር።

ለእህትና ለወንድም የነበረበት፣ ፀሐይን ሳይጠቅስ «አጠፋሁ» ማለት ነበር። ለባልደረባው የነበረበት ደግሞ ፀሐይን መክሰስ ነበር፤ በሰማበት ቀን፣ እዚያው ደረጃው ላይ፣ እየተሳቀበትም ቢሆን።